በጕድጓድ ሥር ያለው ዘንዶ፤ የሕንድ ምሳሌ ወደ ግእዝ የገባበት ታሪክ

ገሃነም የሚባለው ቃል መነሻው በኢየሩሳሌም አጠገብ ያለው የሄኖም ሸለቆ እንደ ኾነ መጻሕፍትን የተማረ ኹሉ ያውቀዋል። የጥንት ሰዎች በዚያ ሸለቆ ልጆቻቸውን ለጣዖት በእሳት ስላሳለፉ የቦታው ስም ውሎ አድሮ የኃጥኣን ቅጣት ስም ኾነ። ቃሉ ወደ ግእዝ ገብቶ ገሃነም ተባለ፤ ዐረቦችም ጀሀነም ይሉታል። ኖልደኬ የተባለው ስመ ጥር የጀርመን ሊቅና ከእርሱ በኋላ የተነሡ ብዙ የቋንቋ መርማሪዎች ዐረቦች ይህን ቃል ከግእዝ ወሰዱት ይላሉ። እንግዲህ በሐረር በጀጎል ግንብ ውስጥ በመስጊድ የሚሰግደውና በፈረስ መጋላ በመድኃኔ ዓለም የሚያስቀድሰው፥ በሃይማኖት ቢለያዩም፥ የሚፈሩትን እሳት በአንድ ስም ይጠሩታል ማለት ነው።

በዚህ አገር ግን ቅጣቱን በሌላ ስም የሚጠሩ ሰዎችም ኖረዋል። ምኒልክ በ1887 ዓመት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ሐረርን ከያዙ በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ከተማዪቱ መጥተው ሱቅ ከፈቱ፤ ባለ ፎቅና በሰገነቱ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት ቤትም ሠሩ። ቤቶቻቸው ከሐረሪው የቆየ የቤት አሠራር ተለይተው ይታወቃሉ። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ሕንዶች አንዳንዶቹ እስላሞች፥ ሌሎቹም የሂንዱን ሃይማኖት የሚከተሉ ነበሩ። ገበያተኛ ሰው ነጋዴን ስለ ጨርቁ ዋጋ እንጂ ስለ ወዲያኛው ዓለም አሳቡ አይጠይቀውም። ነገር ግን የሕንድ ሰው ስለ ሞትና ስለ ፍርድ ያሰበው ነገር ከእነዚህ ነጋዴዎች ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በመጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር፤ የገባበትም ዘመን ሐረርና ደጋው ሀገር በእሳትና በሰይፍ የተፈላለጉበት ዘመን ነው። ይህን ከመተረክ አስቀድሞ የሕንዱ ገሃነም ምን ዐይነት እንደ ኾነ መናገር ያስፈልጋል።

ሂንዱዎች የቅጣቱን ስፍራ ናረካ ይሉታል። የማኑ ሕግ በሚባለው የጥንት መጽሐፋቸው 21፥ በባጋቫታ ፑራና ደግሞ 28 የቅጣት ስፍራዎች ተቈጥረዋል፤ ለሌባው፥ ለሐሰተኛው ምስክር፥ በእንስሳ ላይ ለሚጨክነው ለየራሱ ተለይቶ ተመድቧል። ፈራጁ ያማ ይባላል፤ የሰውን ሥራ በመዝገብ የሚጽፍለት ቺትራጉፕታ የሚባል ጸሐፊ አለው። እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር ፍርድንና መዝገብን ለሚያውቅ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። የናረካ ቅጣት ዘመኑ እጅግ ቢረዝምም ፍጻሜ አለው። ኃጥኡ ዕዳውን ከፍሎ ሲጨርስ እንደ ሥራው ሰው ወይም እንስሳ ኾኖ እንደ ገና ይወለዳል፤ ገነታቸውም እንዲሁ ዋጋው ሲያልቅ የሚለቀቅ ማደሪያ ነው። ስለዚህ ለሂንዱው ገሃነም የመንገድ መጨረሻ ሳይኾን በመንገድ ላይ ያለ ክፉ ማደሪያ ነው፤ አጥብቆ የሚፈራውና ሊድንበት የሚመኘው ያ የመወለድና የመሞት መመላለስ ራሱ ነው።

ማሃባራታ በሚባለው ታላቅ የጦርነት መጽሐፋቸው መጨረሻ ላይ ስለዚሁ ነገር የተጻፈ ታሪክ አለ። ጻድቁ ንጉሥ ዩዲሽቲራ ወደ ሰማይ በገባ ጊዜ ጠላቱን ዱርዮዳናን በክብር ተቀምጦ አገኘው፤ ወንድሞቹን ግን አጣቸው። ወዴት እንዳሉ ቢጠይቅ ጨለማና ክርፋት ወደ መላበት ስፍራ ወሰዱት፤ በዚያም የወንድሞቹን ልመና ሰማ። መሪው መልአክ እንዲመለስ ቢያሳስበው ከወንድሞቹ ጋራ በገሃነም መቅረትን መረጠ። ይህን በቈረጠ ጊዜ ጨለማው ተገፈፈ፤ ነገሩ መፈተኛ እንደ ነበረ፥ ነገሥታትም ኹሉ ገሃነምን ሳያዩ እንደማያልፉ ተነገረው። ድል ነሥቶ የነገሠ ሰው ጠላቱ በገነት፥ ወገኑ በገሃነም ኾነው ማየቱ፥ ጦርነት ላለፈበት ሕዝብ የሚከብድ ትምህርት ነው።

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ በሕንድ ምድር ያስተማረው ቡድሃም የናረካን ነገር አልሻረም። የተከታዮቹ መጻሕፍት ስምንት የእሳት ገሃነሞችን ይቈጥራሉ። የመጀመሪያው ሳንጂቫ ይባላል፤ በዚያ ተቈራርጦ የሞተው ኃጥእ ለዳግመኛ ሥቃይ ይነሣል። የታችኛው አቪቺ ሲኾን ትርጓሜው ፋታ የሌለው ማለት ነው፤ እርሱም ቢኾን ከብዙ ዘመን በኋላ ያልቃል። በአንዱ ስብከት ያማ ወደ ፊቱ የቀረበውን ኃጥእ መልእክተኞቹን አይቶ እንደ ኾነ ይጠይቀዋል፤ መልእክተኞቹም ሽማግሌው፥ በሽተኛውና ሬሳው ናቸው። ሰውዬው አይቶ ልብ አለማለቱን ሲናዘዝ፥ ሥራው የአባት ወይም የእናት ሳይኾን የራሱ እንደ ኾነ፥ ፍሬውንም ራሱ እንደሚበላ ይነገረዋል። ቡድሃ እሳትን ያመልኩ ለነበሩ መናንያን ባስተማረው በሌላው ስብከት ደግሞ እሳቱን ወደዚህ ዓለም አምጥቶ፥ የሰው ዐይንና ጆሮ፥ ምላስና ልብ በምኞት፥ በጥላቻና በስንፍና እየነደዱ እንደ ኾኑ ይናገራል። በዚህ ጊዜ ገሃነም ስፍራ ብቻ መኾኑ ቀርቶ የሰው ኹኔታ ምሳሌ ኾነ።

የቡድሃ ሕይወት ታሪክ ከሕንድ ወጥቶ ብዙ ሀገር ዞረ። ቡድሃ ከመባሉ አስቀድሞ ቦዲሳትቫ ይባል ነበር፤ ይህ ስም በዐረብ ቋንቋ ሲጻፍ ቡዳሳፍ ኾነ። በዐረብ ፊደል "በ" አንዲት ነጥብ፥ "የ" ኹለት ነጥብ ከሥሩ ስላለው፥ በገልባጮች እጅ አንዲት ነጥብ ብትጨመር ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ተባለ። እስላሞች ታሪኩን በዚህ ስም አነበቡት፤ ጆርጂያውያን ክርስቲያናዊ አድርገው ወደ ቋንቋቸው መለሱት፤ በ1028 ዓመት ያረፈው የአቶስ ገዳም መነኵሴ ኤውቲሞስ ከጆርጂያ ቋንቋ ወደ ግሪክ መለሰው። ብዙ ዘመን ግን መጽሐፉ የዮሐንስ ዘደማስቆ እንደ ኾነ ይታመን ነበር። ከግሪኩም እንደ ገና ወደ ክርስቲያኖች ዐረብኛ ተተረጐመ። በክርስቲያኑ መጽሐፍ ውስጥ የሕንድ ንጉሥ ልጁ ደዌንና ሞትን እንዳያውቅ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል፤ ልጁ ግን ሲወጣ ድውዩን፥ ዕውሩንና ሽማግሌውን ያያል። እነዚህ የያማ መልእክተኞች የነበሩት ናቸው። ከዚያም አንድ መነኵሴ ዕንቍ ነጋዴ መስሎ ገብቶ ያስተምረዋል። መነኵሴው በረላም፥ ልጁ ይዋስፍ ነው።

ይህን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበረው አባ ዕንባቆም ነው፤ ዘመኑም በንጉሥ ገላውዴዎስ ጊዜ 1553 ዓመት ነው። ዕንባቆም የየመን ተወላጅ፥ አባቱም እስላም ነበረ። ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተጠመቀ፥ መነኰሰ፥ ግእዝንም ተምሮ ከሊቃውንት ተቈጠረ። በዚያን ዘመን ከሐረር የተነሣው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፥ ግራኝ የሚባለው፥ ደጋውን ሀገር ወረረ፤ ደብረ ሊባኖስም ተቃጠለ። ዕንባቆም ከስደቱ ውስጥ በ1540 አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፈ። ቁርኣንን ከሕፃንነቱ ስለሚያውቅ፥ ክርክሩን ያቀረበው ከቁርኣን ራሱ ቃል እየጠቀሰ ነው። አንቀጽ ማለት በር ነውና፥ አሚር ኑር የሐረርን ግንብ ከአምስቱ በሮች ጋራ ከማቆሙ በፊት፥ በዕንባቆም እጅ ለሐረር ሰው በወረቀት በር ተሠርቶለት ነበር።

ኢማሙ በ1543 በወይና ደጋ ጦርነት ሞተ። ዕንባቆም በረላም ወይዋስፍን የተረጐመው ከዚህ ዐሥር ዓመት በኋላ፥ ያልተቃጠለ ደብር ለማግኘት በሚያስቸግርበት ሀገር ውስጥ ነው። በመጽሐፉ ካሉት ምሳሌዎች ይልቅ የታወቀው የጕድጓዱ ምሳሌ ነው። አንድ ሰው ባለ አንድ ቀንድ አውሬ ሲያባርረው ሮጦ ከጕድጓድ ይወድቃል፤ ሲወድቅም የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ወደ ሥሩ ቢመለከት አንድ ነጭ፥ አንድ ጥቁር አይጥ ዛፉን ይቈረጥማሉ፤ ወደ ታች ቢመለከት ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። በዚያ ጊዜ ከቅርንጫፉ ጥቂት ማር ሲንጠባጠብ አየ፤ አውሬውንም፥ አይጦቹንም፥ ዘንዶውንም ረስቶ ማሩን መላስ ጀመረ።

ይህ ምሳሌ በማሃባራታ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ምሳሌውን የሚናገረው ጠቢቡ ቪዱራ ነው፤ የሚሰማውም ልጆቹ በጦርነት ያለቁበት ዕውሩ ንጉሥ ድሪታራሽትራ ነው። አሳዳጁ በዚያ ስድስት ፊትና ዐሥራ ኹለት እግር ያለው ዝሆን ሲኾን፥ ዝሆኑ ዓመቱ፥ ፊቶቹ ወራተ ዓመቱ፥ እግሮቹ ዐሥራ ኹለቱ ወሮች ናቸው። አይጦቹ በሕንዱም በክርስቲያኑም መጽሐፍ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ ማሩም በኹለቱ መጽሐፍ የዚህ ዓለም ጣዕም ነው። በጕድጓዱ ሥር ያለው ግን ተለወጠ። በሕንዱ መጽሐፍ ታላቁ እባብ ፍጥረትን ኹሉ የሚውጥ ጊዜ ነው፤ በክርስቲያኑ መጽሐፍ ዘንዶው የገሃነም ሆድ ነው።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ሰሙ ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ ሳይለወጥ መጣ፤ ወርቁን ግን እያንዳንዱ ሕዝብ በእምነቱ እሳት እንደ ገና አቀለጠው። ለሂንዱው ገሃነም ፍጻሜ ያለው ስለ ኾነ ከጕድጓዱ ሥር ሊቀመጥ አይችልም፤ ገነትንም ገሃነምንም፥ አማልክቱንም ጭምር የሚውጠው ጊዜ ነውና ከታች እርሱ ተቀመጠ። አንድ ሞትና አንድ ፍርድ አለ ብሎ ለሚያምን ሰው ግን ከመውደቅ በኋላ ሌላ መውደቅ የለም፤ ስለዚህ ከታች ያለው የዘለዓለም ቅጣት ኾነ። ተርጓሚዎቹ ምሳሌውን አላበላሹትም፤ ባንዱ ሀገር ተስፋ የነበረው መመላለስ በሌላው ሀገር ስለሌለ፥ አንዲቱን ሕይወት የበለጠ አስፈሪ አደረጓት እንጂ።

ገሃነምን የሰው ልብ ምሳሌ ማድረግም የምሥራቅ ሰዎች ብቻ ሥራ አይደለም። ሐረር በዓለም ዘንድ ከምትታወቅባቸው ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ነው። እርሱ በ1873 ያሳተመውን ትንሽ መጽሐፍ በገሃነም የተቀመጠ ወራት ብሎ ሰየመው፤ በዚያም ገሃነም ያለው ከምድር በታች ሳይኾን በራሱ በተናጋሪው ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ግጥም መጻፍ ተወ፤ በ1880 መጨረሻ የንግድ ቤት ወኪል ኾኖ ወደ ሐረር መጣ፤ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ኖሮ በ1891 ታሞ ወደ ሀገሩ ተመልሶ በማርሴይ ሞተ። ዛሬ በሐረር በስሙ የሚጠራው ያማረ ቤት እርሱ ከሞተ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። የገሃነምን ነገር ከራሱ ልብ የጻፈው ሰው ስምና ስለ ገሃነም ብዙ የጻፈው ሕዝብ የእጅ ሥራ እንዲህ በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ።

የዚያን የዐሥራ ስድስተኛውን መቶ ዓመት ጦርነት የጻፉ ሰዎች ግን ገሃነምን ለጠላት ብቻ የተሰናዳ አድርገው ቈጠሩት። ዐረብ ፈቂህ የተባለው የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ በፍቱሕ አል ሐበሻ የወደቀውን ክርስቲያን ወደ እሳት፥ የወደቀውን እስላም ወደ ገነት እየላከ ይጽፋል፤ የክርስቲያኑም ወገን ለጠላቱ ከዚህ የሚሻል ስፍራ አላሰናዳም። ዕንባቆም ገዳሙ የተቃጠለበት ሰው ነበረና እንዲሁ ቢጽፍ የሚነቅፈው አልነበረም። እርሱ ግን በጦርነቱ ጊዜ ጠላቱን በራሱ መጽሐፍ ተከራከረው፤ ጦርነቱም ካለፈ በኋላ፥ ጕድጓዱ ከአንባቢው ከራሱ እግር በታች የሚከፈትበትን ምሳሌ ለወገኖቹ ተረጐመላቸው። ምሳሌው ስለ ግራኝ አይናገርም፤ ስለ ተንጠለጠለው ሰው ይናገራል እንጂ።

ንጉሥ ገላውዴዎስ በ1559 በሰሙነ ሕማማት ከአሚር ኑር ጦር ጋራ ሲዋጋ ሞተ። የኑር ግንብ ቀረ፤ በ2006 ዓመትም የሐረር ጀጎል በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዕንባቆምም መጽሐፍ ቀረ፤ ዋሊስ በጅ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1923 ከግእዙ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። ሕንዳዊው በጕድጓዱ ሥር ጊዜን፥ ክርስቲያኑም ገሃነምን አየ፤ ኹለቱም ስለ ጥልቀቱ አይስማሙም። ከላይ የሚንጠባጠበውን ማር ግን ኹለቱም አንድ ስም ሰጡት፤ አይጦቹም በየትኛውም ሀገር ሥራቸውን አላቋረጡም። መጽሐፉን የሚከፍት ሰው፥ ከግንቡ በውስጥም ቢኖር በውጭም ቢኖር፥ ዘንዶውን ለጠላቱ ሊሰጠው አይችልም፤ ቅርንጫፉን የያዘው የራሱ እጅ ነውና።