ቤት ወይስ አክሲዮን? ገንዘባችንን ከማዋላችን በፊት

ከወለድ የሚርቅ ሙስሊም ቆጥቦ ያስቀመጠው ገንዘብ በዋጋ ንረት ምክንያት የመግዛት አቅሙ ሲቀንስ ያያል። ለብዙዎቻችን መፍትሔው ቤት መግዛት ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አክሲዮን ሌላ አማራጭ ሆኗል። በመሠረቱ ሁለቱም ሐላል ናቸው፤ ፍርዱን የሚለውጠው ውሉና የኩባንያው ሥራ ነው።

ቤት

ያለቀ ቤት ገዝቶ ማከራየት (ኢጃራ) ብዙም ጥያቄ አያስነሳም። ጥንቃቄ የሚሻው ገና ያልተሠራ ቤት ነው። ይህ ውል በፊቅህ ኢስቲስናዕ ይባላል፤ የቤቱ ስፋት፣ ጥራት፣ ዋጋና የማስረከቢያ ጊዜ በግልጽ መቀመጥ አለባቸው። ገዢው ክፍያ ሲያዘገይ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲከፍል የሚያስገድድ አንቀጽ ሪባ ነው። ግንባታው ከዘገየ ግን ገንቢው ካሳ እንዲከፍል መስማማት እንደሚቻል ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1992 እ.ኤ.አ. ወስኗል። በባንክ ሙራበሐ የምንገዛ ከሆነ ባንኩ ቤቱን ለእኛ ከመሸጡ በፊት ራሱ ገዝቶ የያዘው መሆን አለበት።

የቤት ድካሙ ብዙ ገንዘብ መጠየቁና ቶሎ አለመሸጡ ነው። ችግር ሲገጥመን አንድ ክፍል ነጥለን መሸጥ አንችልም።

አክሲዮን

አክሲዮን በአነስተኛ ገንዘብ ይጀመራል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር ነበር። ይሁንና ባለአክሲዮን የኩባንያው ባለቤት ነው፤ ኩባንያው ከሚያገኘው ሐላልም ሐራምም ድርሻ አለው።

በገበያው መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ዋና ሥራቸው በወለድ ማበደር የሆነ ባንኮችን አክሲዮን መግዛትን አብዛኞቹ ዑለማዎች አይፈቅዱም። ዋና ሥራው ሐላል ሆኖ ወለድ በሚነካካ ኩባንያ ላይ ግን ልዩነት አለ። የፊቅህ አካዳሚው መሠረቱ ክልክል ነው ሲል፣ መቀመጫው ባህሬን የሆነው አዮፊ በገደብ ይፈቅዳል፦ የወለድ ብድሩ ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ፣ ሐራም ገቢው ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከትርፉ የሐራሙ ድርሻም ተለይቶ ለበጎ አድራጎት ይወጣል። የተወሰነ ትርፍ በቅድሚያ የሚያረጋግጥ ልዩ አክሲዮን አይፈቀድም።

ዘካ

በምንኖርበት ቤት ላይ ዘካ የለም። በሚከራይ ቤት ዘካው በቤቱ ዋጋ ላይ ሳይሆን ኒሷብ ሞልቶ ዓመት በዞረበት የኪራይ ገንዘብ ላይ ነው። ለሽያጭ የተገዛ ቤትና ለመነገድ የተያዘ አክሲዮን በየዓመቱ በገበያ ዋጋቸው ተተምነው 2.5 በመቶ ይወጣባቸዋል። አክሲዮኑ ለዓመታዊ ትርፍ የተያዘ ከሆነ፣ ከኩባንያው ዘካ የሚመለከተው ሀብት በድርሻችን ልክ ይታሰባል።

ምክራችን

ለልጆች ትምህርት ወይም ለሕክምና በቅርቡ የምንፈልገውን ገንዘብ ሁለቱም ውስጥ አናስገባ፤ ቤቱ ላይሸጥ፣ አክሲዮኑም ወርዶ ሊጠብቀን ይችላል። አቅሙ ያለውና ገንዘቡን ለረጅም ጊዜ የማይፈልገው ሰው ያለቀ ቤት ቢገዛ ከሸሪዓ አንጻር ጥርጣሬው ያንሳል። ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ደግሞ ሥራው ሐላል የሆነ ኩባንያ እስኪያገኝ ይታገሥ። በሁለቱም መንገድ ከመፈረማችን በፊት የቤቱን ውል ወይም የኩባንያውን የሒሳብ ሪፖርት ይዘን የንግድ ፊቅህ የሚያውቅ ዓሊም እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።