ላንድ ክሩዘርና ቪትዝ፦ ከብረቱ በፊት መንገዱ

አሮጌ ላንድ ክሩዘርን ከቪትዝ ጋር የሚያወዳድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው ብረቱን ነው። ሁለቱን የለያቸው ግን ከብረቱ በፊት መንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ቶዮታ ‹‹ቢጄ›› የተባለውን በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ሠርቶ ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ አወጣው፤ የጃፓን ፖሊስም 289 አዘዘ። በ1954 ላንድ ክሩዘር ተባለ። የተፈጠረው ለዳገትና ለጭቃ ነበር። በ1980 የወጣው 60 ሞዴል ለቤተሰብ እንዲመች ቢታሰብም ሻንሲውንና ባሌስትራውን አልተወም። ፒስታ ለሚበዛበት አገር ይህ ትክክለኛ መኪና ነበር፤ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶችም ወደ ገጠር የዘለቁት በእሱ ነው። ክብሩ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፦ ናፍጣውን የሚሞላው፣ መለዋወጫውን የሚገዛው የመሥሪያ ቤት በጀት ነበር። ያው መኪና በግለሰብ እጅ ሲገባ ክብሩ አብሮት ይመጣል፤ በጀቱ ግን አይከተለውም።

ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ የታሰበው ለጠባብ የከተማ መንገድ ነው። ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ የነደፈው ይህ መኪና በአውሮፓ ያሪስ ተብሎ የ2000 የዓመቱ መኪና ሆኗል። ርዝመቱ 3.6 ሜትር ገደማ፣ የመጀመሪያው ሞተሩም 1 ሊትር ነው፤ 60ው ከሚይዘው የ4 ሊትር ናፍጣ ሞተር ሩቡ ማለት ነው። አዲስ አበባ በአስፋልትና በኮንዶሚኒየም ስትሰፋ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲም ሲለመድ፣ በቤንዚን ቆጣቢ የሆነ ትንሽ መኪና መመረጡ የሚያስገርም አይደለም። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም በትልቅ ሞተርና በረጅም ዕድሜ ላይ ስለከበደ ምርጫውን ወደዚያው ገፋው።

‹‹ትልቁ ያድናል›› የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ሁለቱ ፊት ለፊት ቢጋጩ ክብደቱ ለላንድ ክሩዘሩ ያደላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከግንብ ወይም ከዛፍ ጋር ሲላተም ግን ነገሩ ይለወጣል። የድሮው ጠንካራ ሻንሲ እምብዛም ስለማይጨማደድ ኃይሉን ወደ ተሳፋሪው ያሳልፋል፤ ቁመቱም ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ያጋልጠዋል። የቪትዝ ፊት ደግሞ ኃይሉን እንዲውጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ከአደጋ በኋላ ተጨማዶ ያየው ሰው ደካማ ይለዋል፤ ተሳፋሪውን የጠበቀው ግን ያ መጨማደድ ነው። ቪትዝ ወንዝ አይሻገርም፣ ድንጋያማ ዳገት ላይ ሆዱ ይመታል የሚለውን ግን ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ ዛሬም አስፋልት ያልደረሰበት ወረዳ ብዙ ነው፤ ወላድን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ የሚያስፈልገው አሮጌው መኪና ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሁለቱንም በአንድ ወገን አሰልፏቸዋል። ቦታውን የሚይዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት የከተማ መኪኖች ናቸው፤ ቻርጅ ማድረጊያውም ከአዲስ አበባ ሲርቁ ይሳሳል። ስለዚህ ገጠር የሚሠራው ሐኪምና የግብርና ባለሙያ ሌላ መኪና እስኪመጣላቸው አሮጌውን ላንድ ክሩዘር እያስጠገኑ መንዳታቸው አይቀርም።