በሁለት ፉርጎ መሐል የገባ እጅ

ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከዚያም ቆላ ወርዶ ሀዲድ ባለበት ቦታ የቀን ሥራ ገብቶ ነበር። በግራ እጁ ሰላም አለኝ። ቀኙን ከኪሱ ሲያወጣው ሁለት ጣቶቹ የሉም። ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያይዝ ነው የተቆረጡት። «ምን አሉህ?» አልኩት። «ጥንቃቄ ስላላደረግክ ነው ብለው መሳፈሪያ ሰጡኝ፣ ቲቸር።» ይባስ ብሎ እሱም አምኗቸዋል። እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው።

ወዳጆቼ፣ «ጥፋቱ ያንተ ነው» የሚለው ነገር ታሪክ አለው።

ድሮ አሜሪካ ውስጥ ፉርጎ የሚያያዘው በብረት ቀለበትና በካስማ ነበር። ሠራተኛው በቆመውና በሚመጣው ፉርጎ መሐል ገብቶ ቀለበቱን በእጁ ይመራል፣ ካስማውን ይሰካል። ለቅጽበት ከዘገየ ጣቱ፣ ሲብስም ደረቱ ይጨፈለቃል። ፕሬዚዳንት ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1889 ለምክር ቤቱ እንደተናገሩት በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,000 በላይ የባቡር ሠራተኞች በሥራ ላይ ሞተዋል፣ ከ20,000 በላይ ተጎድተዋል። ጣቱ የጎደለ ሰው ሥራ ሲጠይቅ «ይሄ ልምድ አለው» ይባል ነበር ይላሉ። ፍርድ ቤቱም ቢሆን «አደጋውን እያወቅክ ነው የገባኸው» እያለ ይመልሰው ነበር።

የሚያናድደው መፍትሔው በእጅ ላይ መኖሩ ነው። ኢላይ ጃኒ የተባለ ሰው ፉርጎዎቹ ሲነካኩ በራሱ የሚቆልፍ ማያያዣ ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1873 አስመዝግቧል። ኩባንያዎቹን የሚያስገድድ ሕግ የወጣው ግን በ1893፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ «እያወቅክ ገብተሃል» የሚለውንም መከራከሪያ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ፉርጎ ሲያያይዝ የሚሞተው ሰው ቀነሰ። ሠራተኛው ድንገት ጠንቃቃ ሆኖ አይደለም፤ ብረቱ ስለተቀየረ ነው።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሀዲዱ መጣ፤ ሠራተኛውን የሚጠብቅ ሕግ ግን አብሮት አልተሳፈረም። የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኞች በ1940ዎቹ ራሳቸው ማኅበር አቋቋሙ፤ ሥራ ሲያቆሙ ግን በኃይል ተበተኑ። ሠራተኛ በማኅበር የመደራጀት መብቱን በሕግ ያገኘው በ1962 ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባ 60 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው።

ዛሬ ሀዲዱ ወደ እኛው ወሎ፣ ኮምቦልቻ ድረስ ተዘርግቷል። ሕጉም አለ፤ የማያውቀው ልጃችን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ነው። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስ ወይም ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ይቆጠራል። እንዲሁ በደፈናው «አልተጠነቀቅክም» ማለት ግን ከዚህ ውስጥ የለም። ውሉ በወረቀት ባይሆንም መብቱ አይቀርም። የሕክምና ወጪ አለ፣ እስኪድን የሚከፈል ገንዘብ አለ፣ አካሉ ከጎደለም ካሳ አለ።

ስለዚህ ልጅ የላካችሁ ሁሉ ይህን ንገሩት፦ አደጋ ከደረሰ ያየውን ሰው ስም ያዝ፣ የሐኪም ወረቀት አትጣል፣ ያልገባህ ነገር ላይ አትፈርም፣ ጊዜው ሳያልፍ ክሰስ።

ተማሪዬን «መጀመሪያ መመሪያ ሰጥተውህ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «ማን? "ግባና አያይዝ" ብቻ ነው ያሉኝ» አለኝ።

ሰኞ ወረቀቱን ይዘን አብረን እንሄዳለን። ክፍል ውስጥ ስለ ምኒልክ ባቡር አስተምሬው ነበር፤ በፉርጎዎቹ መሐል ስለሚገባው ሰው ግን አንድም ቀን አላስተማርኩትም። ያ ደግሞ የእኔ ዕዳ ነው።