«ሸረሪት ሸናብኝ»፦ ውኃ የቋጠረ የቆዳ ቁስል ከምን ይመጣል?

ጠዋት ሲነሱ አንገትዎ፣ ፊትዎ ወይም ክንድዎ ላይ የቀላ፣ የሚያቃጥልና ውኃ የቋጠረ ነገር ቢያገኙ፣ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት ቀድሞ የሚሰሙት ማብራሪያ «ሸረሪት ሸንቶብህ ነው» የሚል ነው። ቁስሉም ሕመሙም እውነት ነው። ሸረሪቷ ግን የለችበትም። ይህን ማወቅ ያለብዎት፣ በዚህ ስም ከሚጠሩት ቁስሎች አንዱ በ3 ቀን ውስጥ ሕክምና ካልተጀመረለት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመም፣ ዓይን አካባቢ ከወጣ ደግሞ የዓይን ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ነው።

ሸረሪቷስ?

ሸረሪት እንደ እንስሳት ፈሳሽ ሽንት አትሸናም። ከሰውነቷ የሚወጣው ቆሻሻ ወፈር ያለ ትንሽ ጠብታ ሲሆን የሰው ቆዳ አያቃጥልም። ጣሪያ ጥግ ድር የሚያደሩት ባለረጅም እግሮችም ሆኑ ግድግዳ ላይ የሚዘሉት ትንንሾቹ የሚመገቡት ዝንብና ትንኝ ነው። በኬንያና በኡጋንዳ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ፣ ደም የጠጡ ትንኞችን መርጣ የምታድን ዘላይ ሸረሪት እንኳ አለች። ድሩ ካስጠላዎት በመጥረጊያ ያንሱት፤ ለቆዳ ጤና ብሎ ቤት ውስጥ መርዝ መርጨት ግን አያስፈልግም።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ጥንዚዛ ናት

በምሥራቅ አፍሪካ «የናይሮቢ ዝንብ» የምትባል ነፍሳት አለች። ስሟ ዝንብ ይሁን እንጂ ጥንዚዛ ናት። ርዝመቷ ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ቀጭን ናት፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለም ተፈራርቆባታል፣ ሳያስተውሉ ላያት ሰው ጉንዳን ትመስላለች። እርጥበት ያለው ማሳና የአትክልት ቦታ ትወዳለች፤ ዝናብ ሲበዛ ትበዛለች። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ኤልኒኞ ያስከተለውን ከባድ ዝናብ ተከትሎ በኬንያ ብዙ ሰዎችን ያስቸገረችው እሷ ነበረች።

አትነክስም፣ አትናደፍም። መርዙ ያለው በሰውነቷ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ፔደሪን ይባላል። ማታ ወደ አምፖል ብርሃን ትመጣለች፣ ከዚያ አልጋ ላይ ወይም አንገት ላይ ትወድቃለች፣ እኛም በእንቅልፍ ልብ በመዳፋችን እንጨፈልቃታለን። ጉዳቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ቃጠሎውና ውኃ መቋጠሩ ግን የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ነፍሳቷን ማንም አያስታውሳትም። ጥግ ላይ ተቀምጣ የምትታየው ሸረሪት ተጠያቂ መሆኗ ከዚህ የመጣ ይመስላል።

ይህ ቁስል ብዙውን ጊዜ ጅራፍ ያረፈበት ይመስል መስመር ይሠራል። ክርን እጥፋት ላይ ከሆነ ክንድ ሲታጠፍ የሚነካካው ቆዳ ሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ቁስል ያወጣል። መርዙ በእጅ ወደ ዓይን ከሄደ ዓይን ይቀላል፣ ያብጣልም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ልጅዎን ማቀፍ ያስፈራኛል አይበሉ።

ሰውነትዎ ላይ ስትሄድ ካዩዋት አይምቷት። እፍ ብለው ያባሯት፣ ወይም ወረቀት ላይ ወጥታ እንድትሄድ ያድርጉ። ከተጨፈለቀች ቦታውንና እጅዎን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ የነካችውን ልብስና አንሶላም ያጥቡ። ቁስሉ ከወጣ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ማቃጠሉን ያስታግሳል፤ ሐኪም የስቴሮይድ ቅባት ሊያዝልዎ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይድናል፣ የሚተወው ጥቁረት ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። በምትበዛበት ወቅት አልጋዎን ከአምፖል ሥር ያርቁ፣ አጎበር ይጠቀሙ፣ ከመተኛትዎ በፊት አንሶላውን ያራግፉ።

አልማዝ ባለጭራ ከሆነ ጊዜ የለም

አልማዝ ባለጭራ ከነፍሳት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በልጅነት ጉድፍ ወይም ቺክን ፖክስ ያስያዘን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሳ የሚመጣ ነው። ዋናው መለያው በአንድ ወገን ብቻ መውጣቱ ነው፤ በደረት፣ በወገብ ወይም በፊት በግራ አለዚያም በቀኝ በኩል እንደ መቀነት ይዘረጋል፣ የሰውነትን መሐል መስመር ብዙ ጊዜ አያልፍም። ሽፍታው ከመውጣቱ ቀናት በፊትም ቦታው ይወጋል፣ ያቃጥላል ወይም ይደነዝዛል። የጥንዚዛዋ ቁስል እንዲህ ያለ ቅድመ ሕመም የለውም።

እንደ አሲክሎቪር ያሉ መድኃኒቶች የተሻለ የሚሠሩት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። «የሸረሪት ነው፣ በራሱ ይድናል» ተብሎ የሚጠፋው ጊዜ ይኸው ነው። ጊዜው ቢያልፍም መሄድዎን አይተዉ። በተለይ ግንባር፣ የዓይን ቆብ ወይም የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ በዕለቱ መታየት አለብዎት። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ቁስሉ ከዳነ በኋላም የነርቭ ሕመም ለወራት ሊቀርባቸው ይችላል። በወጣትነት ዕድሜ አልማዝ ባለጭራ የወጣበትን ሰው ሐኪሙ የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርግ ሊጠይቀው ይችላል፤ በሽታው የሰውነት መከላከያ ሲዳከም በቀላሉ ስለሚነሳ ነው። ቁስሎቹ ደርቀው ቅርፊት እስኪሠሩ ድረስ ነፍሰ ጡሮችንና ጨቅላ ሕፃናትን አያቅርቡ።

ቁስሉ ሳምንታት ካለፉት

ውኃ ሳይቋጥር በፊት ወይም በጆሮ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ የማያምና ከወር በላይ የሚቆይ እብጠት ወይም ቁስል በደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ጥገኛ ተውሳኩ ያለባት እንስሳ ደግሞ በገደልና በዐለት ስንጥቅ የምትኖረው ሽኮኮ ናት። በራሱ እስኪድን መጠበቅ ጠባሳው ፊትን እንዲያበላሽ ሊያደርግ ስለሚችል ቶሎ ይታዩ።

የትኛውም ቁስል ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ናፍጣ አይቀቡ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በራሱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሐኪሙም ያልነበረ ቁስል እያየ ይቸገራል።

አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ንክሻቸው ሕክምና የሚያስፈልገው «ብላክ ዊዶው» እና «ብራውን ሪክሉዝ» የሚባሉ ሸረሪቶች አሉ። ይሁንና እዚያም «ሸረሪት ነከሰኝ» ተብሎ ከሚታየው ቁስል ብዙው የባክቴሪያ እባጭ ሆኖ ይገኛል፤ ትኩሳት ካለ ወይም ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ሳይዘገዩ ይታዩ።

ንብ ወይም ተርብ ከነደፈ በኋላ ትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈርና የምላስ እብጠት ወይም ራስን መሳት ከተከተለ ግን ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ፤ ታማሚውን ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ያድርሱ።