ያለ አፈር አትክልት ማብቀል (ሃይድሮፖኒክስ)፣ በሜስኪት

ሃይድሮፖኒክስ ተክልን ያለ አፈር፣ ማዕድን በሟሟበት ውኃ የማሳደግ ዘዴ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1937 ያስተዋወቁት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ዊልያም ጌሪክ ናቸው። ከዳላስ በስተምሥራቅ ባለችው ሜስኪት መሬቱ እንደ አገር ቤት ዋልካ ነው፤ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቆስጣና ሰላጣ ማብቀል ለሚሻ ጀማሪ ከጓሮው ይልቅ አንድ ባልዲ ይቀላል።

ለመነሻ የሚመረጠው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስፋፉት፣ ፓምፕም ኤሌክትሪክም የማይጠይቀው ዘዴ ነው። ብርሃን በማያሳልፍ ባልዲ ውስጥ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውኃ ይሞላል፤ ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን። ችግኙ ክዳኑ ላይ በተበሳ ቀዳዳ፣ ግርጌው ውኃውን በሚነካ ቀዳዳማ ኩባያ ይቀመጣል። ሰላጣው እየጠጣ ውኃው ሲጎድል በክፍተቱ ውስጥ ነጫጭ ሥሮች ይንዠረገጋሉ፤ አየር የሚስቡት እነዚህ ናቸው። ባልዲውን መልሶ እስከ አፉ መሙላት ትልቅ ስህተት ነው፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል።

አገር ቤት ክረምት በሆነበት ሐምሌ የሜስኪት ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የሞቀ ውኃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው፤ ያን ጊዜ ባልዲው ቤት ገብቶ ብርሃን በሚያገኝ መስኮት ሥር ወይም በኤልኢዲ አምፖል ሥር ይቀመጣል።