የካቦው ሥልጣን

ሥልጣን ከላይ ወደ ታች በወረደ መጠን ኀይሉ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል አሳብ በብዙ ሰዎች ዘንድ አለ። ነገር ግን በፋብሪካም ሆነ በጽሕፈት ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ሁሉ ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃል። የበላዩ ሹም ትእዛዝ ይሰጣል፤ መካከለኛው አለቃ ትእዛዙን ይተረጕማል፤ ሠራተኛውን ፊት ለፊት የሚያዝዘው የታችኛው አለቃ ግን የዚያን ሰው የዕለት እንጀራ በእጁ ይዟል። ታዲያ የዚህን አለቃ ሥልጣን በልክ ለመወሰን የሚቻለው በምን ዐይነት መንገድ ነው? በአሜሪካ አገር በዲትሮይት ከተማ አጠገብ የነበረው የሚስተር ሄንሪ ፎርድ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ስለሆነ ባጭሩ እንመለከተዋለን። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1913 ዓ.ም. ሃይላንድ ፓርክ በተባለው የፎርድ ፋብሪካ ውስጥ አውቶሞቢሉ እየተንቀሳቀሰ በሠራተኞች ፊት የሚያልፍበት አዲስ አሠራር ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ካቦው በክፍሉ ውስጥ እንደ ትንሽ ንጉሥ ነበረ። ማባረሩ በእርሱ እጅ ነበረ፤ አንድ ዐይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎችም የተለያየ ደመወዝ ይቀበሉ ነበር። አንደኛ ሥራው አሰልቺ ስለሆነ፥ ሁለተኛም የካቦው ቍጣ ስላስመረራቸው፥ ሠራተኞቹ ሥራቸውን እየተዉ ይሄዱ ጀመር። ስለዚህ 14,000 ያህል ሰዎች በሥራ ላይ እንዲገኙ ለማድረግ በዚያው ዓመት ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎችን መቅጠር ግድ ሆነ።

ይህን ያየ ጆን ሊ የተባለ ሹም በጥቅምት ወር 1913 ዓ.ም. አዲስ ደንብ አወጣ። የደመወዙ ዐይነት በደረጃ ተወሰነ፤ የቅጥር ጉዳይ የሚመለከተው ክፍልም ተቋቋመ። ከእንግዲህ ወዲህ ካቦው ያልወደደውን ሰው ከክፍሉ ቢያስወጣው እንጂ ከፋብሪካው ሊያባርረው አይችልም፤ ሰውየው በሌላ ክፍል ይሞከራል። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. ደግሞ የቀን ክፍያው እስከ 5 ዶላር እንዲደርስ፥ የሥራውም ጊዜ ከ9 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት እንዲቀነስ ተደረገ። የሚሄደውም ሠራተኛ ቍጥር እጅግ ቀነሰ።

ይሁን እንጂ ከካቦው የተወሰደው ሥልጣን አልጠፋም፤ ወደ ላይ ወጣ እንጂ። 5 ዶላሩን ለማግኘት ሠራተኛው በመልካም ጠባይ መኖር አለበት ተባለ። ስለዚህ መርማሪዎች ወደ ቤቱ እየሄዱ የቤቱን ንጽሕና፥ የቍጠባውን ልክና የመጠጡን ነገር ይጠይቁ ጀመር። ቀድሞ አለቃው የሚያዝዘው በፋብሪካው በር ውስጥ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ትእዛዙ እስከ ጓዳ ደረሰ።

ከ1920 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሚስተር ሊ ያወጣው ደንብ እየላላ ሄደ፤ ካቦውም የቀድሞ ኀይሉን መልሶ አገኘ። ሪቨር ሩዥ በተባለው ታላቅ ፋብሪካ ደግሞ ሃሪ ቤኔት የሚመራው የጥበቃ ክፍል ሠራተኛውንም ካቦውንም የሚያስፈራ ሆነ። በግንቦት ወር 1937 ዓ.ም. የሠራተኞች ማኅበር ሰዎች ወረቀት ለማደል ወደ ፋብሪካው በር በመጡ ጊዜ የቤኔት ሰዎች ደበደቧቸው፤ የድብደባውም ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጣ። በመጨረሻ ከሥራ ማቆም በኋላ በሰኔ ወር 1941 ዓ.ም. ፋብሪካው ከማኅበሩ ጋራ ውል ተፈራረመ፤ የተበደለ ሠራተኛም በካቦው ላይ አቤት የሚልበት ሥርዓት በጽሑፍ ተደነገገ። ቤኔትም በ1945 ዓ.ም. ተሻረ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ነገር ይህ ነው። የ1913 ደንብ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ከበላዩ በጎ ፈቃድ የመነጨ ስለሆነ ፈቃዱ ሲለወጥ ደንቡም ፈረሰ። የ1941 ውል ግን የበላዩንም የበታቹንም ባንድነት አሰረ። እንግዲህ የበታች ሹማምንቱን ግፍ ለማስቀረት የሚሻ አለቃ ሥልጣናቸውን ነጥቆ በእጁ ቢያከማች ግፉን ወደ ራሱ ወንበር ማዛወሩ ነው። ይልቁንም ለየደረጃው ሹም ድንበሩን በጽሑፍ ይወስንለት፤ በራሱም ላይ ቢሆን አቤት የሚባልበትን ደጅ ይክፈት።