እንዶድና የኮምፒውተር ትንበያ፦ የመርዛማነት መረጃ ክፍተት እስከ ምን ድረስ ይሞላል?

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አድዋ ውስጥ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወራጅ ውሃ በታች፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከ1969 እስከ 1974 እዚያው በተደረገ የመስክ ሙከራ በሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። እንዲህም ሆኖ እንዶድ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት እንዲያገኝ ብዙ ተጠበቀ። የተፈለገው የጥቅሙ ማስረጃ ብቻ አልነበረም፤ በታወቀ የላቦራቶሪ ደንብ የተሰበሰበ የጉዳት መረጃም ተጠየቀ፤ ይህ ደግሞ ከባድ ወጪ አለው። በኋላ በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተመርምሮ፣ ፍሬው አጥቢ እንስሳትን ብዙም እንደማይመርዝ፣ ዓይንን ግን እንደሚቆጠቁጥና ዓሣን እንደሚገድል ታወቀ።

ዛሬ ቢሆን ኖሮ መጠበቁ ያጥር ነበርን? የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በነፃ የሚያቀርበው ኪውሳር ቱልቦክስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሞለኪውልን መዋቅር ተቀብሎ፣ የሚመሳሰሉና ቀድሞ የተፈተኑ ንጥረ ነገሮችን ይፈልጋል፤ የእነሱን ውጤት ላልተፈተነው ያውሳል። ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ንጥረ ነገሩ በውሃና በስብ መካከል ከሚከፋፈልበት መጠን ተነሥተው ለዓሣ ገዳይ የሚሆነውን መጠን ያሰላሉ። ቀመሩ አስተማማኝ የሚሆነው ግን በተሠራበት የንጥረ ነገር ዓይነት ክልል ውስጥ ብቻ ነው።

እንዶድ ከዚህ ክልል ይወጣል። የሚገድለው ሳፖኒን፣ በአክሊሉ ስም ሌማቶክሲን የተባለውም ጭምር፣ ብዙ ስኳር የተሸከመ ትልቅ ሞለኪውል ነው፤ የሕዋስ ሽፋንን ስለሚያፈርስ የስብና የውሃው ስሌት አሠራሩን አይገልጽም። ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ባልተነካ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ በሁለት ወገን ስኳር የተያያዘበት፣ ቀንድ አውጣን የማይገድል ቅርፅ አለው። ሴቶች ፍሬውን ወቅጠው በውሃ ሲያሹት የፍሬው ኤንዛይም አንዱን ወገን ቆርጦ ገዳዩን ቅርፅ ይፈጥራል። ፍሬው በሜታኖል ሲጨመቅ የሚገኘው ያልተቆረጠ መዋቅር ወደ ኮምፒውተሩ ቢገባ፣ መልሱ በወንዙ ውስጥ ከሚሆነው ጋር ምንም አይገናኝም። ኬሚስቱ አስቀድሞ አጣቢዋን ስለ አጠቃቀሟ መጠየቅ ነበረበት ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ ፕሮግራሙን መናቅ አይገባም። እንዶድ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ በመሆኑ፣ በመዋቅር ከሚመስሉት ዘመዶቹ ብቻ ተነሥቶ የዓይንና የዓሣው ስጋት በመጀመሪያው ሳምንት ሊጠረጠር ይችል ነበር። ያ ጥርጣሬ ምርመራን አይተካም፤ የትኛው ምርመራ ይቅደም የሚለውን ግን ይወስናል፣ በእንስሳት ላይ የሚደረገውንም ይቀንሳል። ፀረ ተባይ በአዋጅ በሚመዘገብባት ኢትዮጵያም አመልካቹ ትንበያን ብቻውን ይዞ ቢመጣ መዝጋቢው ዘመድ ተብሎ የተቆጠረው ማን እንደሆነ ሊጠይቀው ይገባል። ለእንዶድ የሚቀርበው መልስ ገና ደካማ ነው፤ አስቀድሞ መለካት ያለበት፣ ተመራማሪው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የመረጡት፣ ዓይነት 44 የተባለው የእንዶድ ዝርያ በውሃ ሲታሽ የሚለቀው ሳፖኒን ነው።